ቪትዝ ይዤ ትራክ ገባሁ፦ የሰሚት ፖይንት ውሎ

ፍርዱን አስቀድሜ ልስጥና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። 106 የፈረስ ጉልበት ያላት የሥራ መኪና ይዞ ትራክ፣ ማለትም የመኪና ውድድር መንገድ፣ መግባት ያዋጣል። ለጀማሪ እንደውም ከፈጣን መኪና ይሻላል ባይ ነኝ። ርካሽ ነው ግን አልልም። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ደግሞ ትንሽ ያሳፍራል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በመኪናዋ ምክንያት አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

መኪናዬ ቶዮታ ያሪስ ናት። የ2009 ሞዴል፣ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር፣ ማርሿ ማኑዋል። አዲስ አበባ ብትሆን ኖሮ ቪትዝ ብለን ነበር የምንጠራት። እዚያ ባለ 1.0 እና ባለ 1.3 ስለሚበዛ የኔዋ ምናልባት ጉልበታም ትባል ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ሀይዌይ ለመግባት ስፖኪዮ አይቶ፣ አስልቶ፣ ትንሽ ጸሎት ጨምሮ ነው። ክብደቷ 1,050 ኪሎ ገደማ ነው። የፊት ፍሬኗ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር። የፍጥነት መለኪያዋ ከመሪው ጀርባ ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሀል ላይ ነው የተቀመጠው። ይህቺ ነገር ትራክ ላይ ጣጣ አመጣችብኝ።

ለማያውቀው ሰው፦ ትራክ ደይ ውድድር አይደለም። ዋንጫ የለም፣ አንደኛና ሁለተኛ የለም። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የራሱን መኪና ይዞ በውድድር መንገድ ላይ የሚለማመድበት ቀን ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ አሰልጣኝ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ከፊት የሚመጣ መኪና የለም። እግረኛ የለም። ሰው ለመጫን ድንገት ጥግ የሚይዝ ሚኒባስም የለም። ወንድሜ ሐሳቤን ስነግረው፣ "በዚህች? ሰው ይስቅብሻል እኮ" አለኝ። ሊቀርጸኝ ብሎ ግን አብሮኝ መጣ።

የገባሁበት ትራክ ሰሚት ፖይንት ይባላል፤ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ቻርልስ ታውን አጠገብ ነው። ቻርልስ ታውንን የዲሲ ሐበሻ በካዚኖው ያውቀዋል፣ እሱን እንተወው። እኔ ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መዝጋቢዎቹ ፊት መቆም ስላለባችሁ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት ግድ ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት የታወቁ ትራኮች አሉ። ዋናው 2 ማይል፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ አሥር ኩርባ አለው። ሸናንዶዋ የሚባለው ጠመዝማዛ ሲሆን፣ ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ በሚባለው የውድድር ትራክ ላይ ያለውን ታዋቂውን ያዘመመ የኮንክሪት ኩርባ አስመስለው ሠርተውበታል። ሦስተኛው ጀፈርሰን ይባላል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የዲፕሎማት ጠባቂዎቹን ለብዙ ዓመት መኪና ያስለመደው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። እኔ የተመዘገብኩት ዋናው ላይ ነው።

ዝግጅቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘቡም ትምህርቱም የሚጀምረው እዚያ ነው። ቀኑን የሚያዘጋጀው ክለብ የፍተሻ ወረቀት ይልካል። የፍሬን ሸራ ውፍረት፣ የፍሬን ዘይት ዕድሜ፣ የጎማ ጥርስ፣ የባትሪ ማሰሪያ፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት፣ የጎማ ብሎን። ወረቀቱን ይዤ ሁልጊዜ መኪናዬን የሚሠሩልኝ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። ከዚያ መኪናዋን አዩ። ከዚያ እኔን።

"ልጄ፣ ፈልገሽ ነው ወይስ ተገደሽ?"

"ፈልጌ ነው ጋሼ።"

"እሺ። እንግዲያው ሌላውን ተይውና ፍሬኑን እንይ።"

ፍሬን ላይ ያሉኝ ነገር ልክ ነበር። የፍሬን ዘይት ውሎ ሲያድር ከአየር እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ዘይት ቶሎ ይፈላል። የፈላ ዘይት ውስጥ እንፋሎት አለ፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጡት ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። የፍሬን ዘይት በደረጃ ይለያል፦ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ከገባባቸው በኋላ መስፈርቱ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ስለዚህ ሌላ ምንም ባትሠሩ አሮጌውን ዘይት አስወጥታችሁ አዲስ ዶት 4 አስሞሉ። ጋሼ ዘይቱን ቀየሩ፣ የፊት ሸራውንም ቀየሩ፣ ሁሉም በ160 ዶላር አለቀ።

እሳቸው በወጣትነታቸው በጭነት መኪና ጎጃም ይመላለሱ ነበር። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ በሌሊት ወርደውታል። "እዛ በፍሬን የወረደ ሰው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ሸራው ይሸታል። ቁልቁለት በማርሽ ነው" አሉኝ። በቁልቁለት እውነት ነው። ትራክ ላይ ግን ፍሬን የሚያዘው አጥብቆና ባጭሩ ነው። ቀስ ብሎ፣ ለስለስ አድርጎ ረጅም ርቀት መያዝ ሙቀቱን ያጠራቅመዋል። አንዴ ጠንከር፣ ከዚያ ልቅቅ። ቀዝቃዛው አየር በቀረው መንገድ ሥራውን ይሠራል። ከተማ ውስጥ ተሳፋሪ እንዳይናወጥ ብሎ የሚነዳ እግር ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

ሄልሜት ተከራዩ ወይም ግዙ። ከገዛችሁ ጀርባው ውስጥ ስኔል ኤስኤ የሚል የደህንነት ፈተና ምልክት ያለውን ነው። ብዙ ክለቦች ኤም የሚለውን የሞተር ሳይክል ሄልሜት አይቀበሉም። ኤስኤው እሳት የመቋቋም ፈተናም ያለፈ ነው። ኢንሹራንስን በተመለከተ ደግሞ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። አብዛኛው የመኪና ኢንሹራንስ ትራክ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። ለአንድ ቀን የሚሸጥ የትራክ ኢንሹራንስ አለ፤ ክፍያው የመኪናዋን ዋጋ ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ አልገዛሁም። ያሪሷ ብትጠፋ አለቅስ ይሆናል እንጂ ቤቴ አይሸጥም። ኮርቬት የሚባለውን ጉልበታም የአሜሪካ ስፖርት መኪና ይዞ የመጣው ሰውዬ እንዲህ ማለት አይችልም። የትንሽ መኪና የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው ነው።

ጠዋት እንደደረስን መኪናዋን አራገፍናት። የወለል ምንጣፍ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ ጎማ፣ ከወንበር ስር የጠፉብኝ የጆሮ ጌጦች፣ ሁሉም ወጣ። ቁጥሬን በሰማያዊ ፕላስተር በሩ ላይ ለጠፍኩ። ዙሪያዬን ሳይ ፖርሽ፣ ቢኤምደብሊው፣ ሙስታንግ፣ ብዙ ማዝዳ ማያታ፣ ትንሿ ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና። ያሪስ እኔ ብቻ። ሳቅ ጠብቄ ነበር። የሳቀ ሰው አልነበረም። እንደውም ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ኮፈኑን ክፈቺልን አሉኝ፣ አዩና ደስ ብሏቸው ሄዱ። ትራክ የሚመላለሱ ሰዎች ቀርፋፋ መኪና ያከብራሉ። ሚስጥሩ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው።

ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ስለ ባንዲራ ተማርን። ቢጫ፦ ችግር አለ፣ ቀስ በሉ፣ መቅደም የለም። ቀይ፦ ፍሬን ሳትደናገጡ ይዛችሁ ጥግ ላይ ቁሙ። ጥቁር፦ ውጡ፣ ልናናግራችሁ እንፈልጋለን። ባለ ዳማው፦ አበቃ፣ አንድ ዙር ቀስ ብላችሁ አቀዝቅዛችሁ ግቡ። ከዚያ መቅደም። በጀማሪ ምድብ መቅደም የሚፈቀደው በተወሰኑ ቀጥታ ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ከፊት ያለው ሹፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ "በዚህ በኩል እለፍ" ብሎ ሲጠቁም። ሳይጠቁሙት ማለፍ የለም። እኔ የዚያን ቀን እጄን ከመስኮት ውጪ ያቆየሁት ከመሪው ላይ ካቆየሁት አይተናነስም።

አሰልጣኜ ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የራሳቸው ማያታ ያላቸው ሰው ናቸው። ሄልሜታችን ውስጥ በተገጠመ መነጋገሪያ ነው የምናወራው። የፍጥነት መለኪያው መሀል ላይ ስለሆነ ከኔ ይልቅ ለሳቸው ይቀርባል። "ሃምሳ ስምንት ነበርሽ፣ ስልሳ ሁለት ትችያለሽ" ይሉኛል፣ በሰዓት ማይል ማለታቸው ነው። እኔም ዓይኔ ወደ መሀል ይሄዳል። ኩርባ ላይ ዓይኑን ከመንገዱ ያነሳ ሰው መሪው ይንቀጠቀጣል። በሚቀጥለው ዙር ከመግባታችን በፊት ያንኑ ሰማያዊ ፕላስተር ቀድደው መለኪያው ላይ ለጠፉበት። "አሁን ሁለታችንም አናይም። በጆሮሽና በመቀመጫሽ ንጂ" አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው መንዳት የጀመርኩት ማለት እችላለሁ። ሞተሩ ድምፁ ሲቀንስ ቀርፍፌያለሁ፣ ሲጮህ ደህና ነኝ። ዓይኔ ነፃ ሲሆን ደግሞ አንዱን ኩርባ እየዞርኩ ቀጣዩን ማየት ቻልኩ።

ስለ ትራኩ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ቀጥታው ነው። 2,900 ጫማ ይጠጋል፣ 880 ሜትር ገደማ። ጉልበታም መኪና እዚህ ይበራል። ያሪስ እዚህ ለማሰብ ጊዜ ትሰጣለች። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ከዚያ ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ረግጦ መጠበቅ። ግራና ቀኝ እያየሁ ሳርም ሰማይም አየሁ። ወንድሜ የቀረጸውን ሊያሳየኝ፣ "እህትዬ፣ ቪዲዮውን ፈጠን ላድርገው እንዴ?" ብሎኛል።

ለኔ ግን የትራኩ ዋና ቦታ አሥረኛው ኩርባ ነው፣ ወደ ቀጥታው የሚያስገባው። ከ400 ፈረስ ጉልበት ጋር አሥረኛውን ብታበላሹት ቤንዚን ትረግጡና ይካካሳል። በያሪስ የሚካካስ ነገር የለም። እዚያ ላይ ያለ ምክንያት ፍሬን ነክታችሁ 5 ማይል ካጣችሁ፣ ቀጥታውን ሙሉ ሳትመልሱት ነው የምትሄዱት። ስለዚህ ፍጥነትን እንደ ደመወዝ መቆጠብ ትማራላችሁ፣ ወር እስኪደርስ የሚጨምርላችሁ የለም። ፍሬኑን ቀደም ብሎ መልቀቅ። መሪውን አንዴ መስበርና መተው። የመንገዱን ስፋት ሙሉውን መጠቀም፣ ከውጭ ጠርዝ ገብቶ፣ የውስጡን ነክቶ፣ እንደገና ውጭ ጠርዝ ላይ መውጣት። አሰልጣኜ አሥረኛውን ያለ ፍሬን፣ ቤንዚን በመልቀቅ ብቻ እንድወጣው አደረጉኝ። ጎማዎቹ አፏጩ፣ መኪናዋ ወደ ጎን ተንጋደደች፣ ግን ወጣች። ቀጥታው መጨረሻ ላይ ፕላስተሩን ገለጥ አድርገው አዩና "ዘጠና አራት" አሉ፣ በሰዓት ማይል። ለያሪስ ብዙ ነው።

ከቀጥታው መጨረሻ የመጀመሪያው ኩርባ አለ፣ ዋናው ፍሬን የሚያዝበት። እዚህ ትንሽ መኪና ሌላ ውለታ ትውላለች። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት በ130 ማይል የሚመጣ መኪና ክብደቱ ከኔ እኩል ቢሆን እንኳ በ90 ከምመጣው ከእኔ እጥፍ በላይ ሙቀት ያመርታል፤ ደግሞ እኩል አይደለም፣ ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ፍሬናቸው የሸተተ፣ ፔዳላቸው የላላ መኪናዎች ዙሩ ሳያልቅ ሲወጡ አይቻለሁ። የኔዋ በአዲስ ሸራና በአዲስ ዘይት ቀኑን ሙሉ አልተለወጠችም።

ሹት የሚሉት ቁልቁለት የሚያስፈራው ቦታ ነው። መንገዱ ወርዶ ወርዶ አምስተኛው ኩርባ ላይ ያወጣል፣ እሱ ደግሞ የትራኩ ቀርፋፋ ቦታ ነው። ቁልቁል እየወረዱ ፍሬን መያዝ የፊቱን ያከብደዋል፣ የኋላውን ያቀልለዋል። መሪ እየሰበራችሁ አትያዙ፣ ቀጥ ብላችሁ እያላችሁ ጨርሱት። ከዚያ ቀጥሎ ካሩሰል የሚባለው ረጅም ኩርባ ይመጣል። የፊት ጎማዋ የሚጎትት መኪና ላይ ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ቤንዚን ካበዛችሁ ፊቷ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ መሪ ብትጨምሩበትም አይሰማም፣ የፊት ጎማውን ከማጫር በቀር። ቤንዚኑን ትንሽ ቀነስ ስታደርጉ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ትመለሳለች። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ድንገት ሙሉ በሙሉ ብትለቁት ጀርባዋ ሊቀድማችሁ ይችላል። በእግር ጣት መኪና ማዞር እንደሚቻል የገባኝ ካሩሰል ላይ ነው።

አሁን ስለ ቀዩ ኮርቬት። በቀጥታው ላይ አሳለፍኩት፣ በክብር፣ ቤንዚኔንም ቀነስ አድርጌለት። ካሩሰል ላይ ደረስኩበት። ስምንተኛው ላይ መከላከያው ላይ ነበርኩ። አሥረኛውን በጣም ቀስ ብሎ ዞረና ቀጥታው ላይ ተፈተለከ። እኔ ገና ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ስለዚህ "እለፊ" ብሎ የሚጠቁምበት ምክንያት አይታየውም፣ ቀጥታ ላይ በስፖኪዮ ሲያይ እኔ የለሁም። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ካሩሰል ላይ ደረስኩበት። የቀርፋፋ መኪና እውነተኛ ብስጭት ይሄ ነው፣ ሳቅም ንቀትም አይደለም። አሰልጣኜ መፍትሔ ነበራቸው፦ በመኪና ማቆሚያው በኩል ለአፍታ ገብታችሁ ክፍት መንገድ ጠብቃችሁ እንደገና መውጣት። ግማሽ ደቂቃ ታጣላችሁ፣ ግን የራሳችሁን መንገድ ትነዳላችሁ። ሰውዬው በኋላ መጥቶ "ኩርባ ላይ እንዴት ነው እንደዛ የምትሆኚው?" ብሎ ጠየቀኝ። ውስጤ እልል አለ፣ አፌ ግን "አሰልጣኜ ጎበዝ ናቸው" አለ።

ጎማ ላይ አንድ ነገር። የኔዋ ላይ ያለው ተራ የአራቱም ወቅት ጎማ ነው። ስለሚጮህ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ከመንሸራተቱ በፊት ይናገራል። ግን ትራኩ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ስለሆነ ሸክሙ ግራ ላይ ይበዛል፣ የፊቱ ግራ ጎማ ደግሞ መሪውንም ጉተታውንም ፍሬኑንም ይሸከማል። ማታ ሳየው ትከሻው ተላልጦ ነበር። ለክረምት ላቆየው የነበረውን ጎማ በልቼዋለሁ። ሲሞቅ ነፋሱ ስለሚጨምር በየመሀሉ ለኩት። ከዙር ስትመለሱ ደግሞ የእጅ ፍሬን አትያዙ፣ የጋለ ሸራ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ጎማ ስር ድንጋይ ወይም እንጨት አድርጉ። እኛ ይህን ከድሮም እናውቃለን።

ወጪው ሲደመር፦ ምዝገባ 325 ዶላር፣ ሄልሜት ኪራይ 30፣ ፍሬን 160፣ ቤንዚን ደርሶ መልስና ትራክ ላይ የተቃጠለውን ጨምሮ 70 ገደማ። ጎማውን አልቆጠርኩም። ትንሽ ሞተር ቢሆንም ቀኑን ሙሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ይጠጣል። ያም ሆኖ አጠገቤ ቆሞ የነበረው ሰው ለአንድ ስብስብ ጎማ ብቻ የሚከፍለውን ሲነግረኝ ዝም አልኩ።

የቀነስኳት ኮከብ የአዘጋጁ ክለብ ናት። ስሙን አልጠራም። የቀኑ ፕሮግራም የደረሰኝ ዋዜማው ሌሊት ነው። ከሰዓት በኋላ የምድቦቹን ቅደም ተከተል ለወጡትና በድምፅ ማጉያ ተናገሩ፤ ከፖርሽ ጩኸት ጋር የሰማው አልነበረም። እኔ ሰልፍ የገባሁት ሰው ሲሮጥ አይቼ ነው። የምሳ ሰዓቱን አሳጥረው፣ የክፍሉን ትምህርትም አጣደፉት፤ ለጀማሪ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር። የተከራየሁት ሄልሜት ደግሞ የብዙ ሰው ላብ ያየ ነው፣ ሻሽ ይዛችሁ ሂዱ። አሰልጣኞቹን ግን አምስት ከአምስት። ሰሚት ፖይንት ራሱም ደህና ነው፣ ትንሽ ስህተት ስትሠሩ ከመንገዱ ዳር ሳር የሚጠብቃችሁ ቦታ ብዙ ነው።

ለማን ይሆናል? ማኑዋል ማርሽ ለሚወድ፣ መንዳቱን ማሻሻል ለሚፈልግ፣ በየቀኑ ሀይዌይ ላይ ለሚውል ሰው። ኡበር ለሚሠሩ ልጆች እመክራለሁ እንዳልል ግን መኪናቸው እንጀራቸው ነው፤ የነገ ሥራቸውን በጎማና በሸራ አያስይዙ። በፍጥነት ለመደሰት ብቻ የሚሄድ ሰውም በያሪስ ይሰለቻል፣ ጎ ካርት የሚባለውን ትንሽ የመዝናኛ መኪና ይከራይ። ገንዘቡ ለከበደበት ደግሞ አውቶክሮስ አለ። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ ብርቱካናማ ኮን ደርድረው አንድ በአንድ ያስነዱዋችኋል፣ አንዱ ዙር ደቂቃ አይሞላም፣ ዋጋው ከትራኩ እጅግ ያነሰ ነው። ብትስቱ የምትመቱት ፕላስቲክ ነው። እዚያ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ያሪስም ከኮርቬት ብዙ አትርቅም።